ውሻዬን ይዤ እስከ ደባርቅ

ከጎንደር እስከ ደባርቅ በብስክሌት የማስበው ጉዞ ከመስቀል በኋላ ተጀምሮ ከኅዳር 15 በፊት ማለቅ አለበት። ቀኑን የቆረጡት ዝናቡና ጾሙ ናቸው። ከመስቀል በፊት የወገራ መሬት ገና ውኃውን አላንጠፈጠፈም፤ ከአስፋልቱ አንድ እርምጃ ወጣ ሲሉ ጭቃው በጎማና በፍሬን መካከል ይጠቀጠቅና ብስክሌቱ አልንቀሳቀስም ይላል። ከኅዳር 15 በኋላ ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ከዚያ እስከ ገና በአምባ ጊዮርጊስም ሆነ በዳባት ሥጋ ሰቅሎ የሚጠብቅ ሉካንዳ ማግኘት ዘበት ነው። ለእኔ ጾሙ ስንቁን ያቀልልኛል እንጂ አያከብድብኝም፤ በሶ አለ፣ ቆሎ አለ፣ በየከተማው ሽሮ አለ። ውሻዬ መከታ ግን በሶ በልቶ ዳገት አይወጣም። ከሰው ማዕድ የተረፈ ወጥ እንዳልሰጠው ደግሞ ወጣችን ሁሉ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ። ስለዚህ ለረቡዕና ለዓርብ ጨውም በርበሬም ያልነካው ቋንጣ ከቤት ይዘጋጃል፤ ለሌላው ቀን ሥጋ ቤቶቹ ከሚያስተርፉት ቁርጥራጭ እንለምናለን። የጉዞውን ቀን መቁጠሪያ የጻፍኩት በውሻ ሆድ ልክ ነው ማለት ይቻላል።

መከታ ተራ የሐበሻ ውሻ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ደረቱ ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ ጅራቱ ወደ ላይ የተጠቀለለ። ዘሩን የጠየቀኝ ሰው መልሴን ሲሰማ ትንሽ ቅር ይለዋል። እኔ ግን ለዚህ መንገድ ከባሕር ማዶ ከመጣ ውሻ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ወላጆቹም አያቶቹም በደጋ ተወልደው፣ ውርጭ ላይ አድረው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ውለው ያደጉ ናቸው። ፀጉሩ አጭር ነው፣ ሆዱ አይመርጥም፣ ከመኪና፣ ከበሬና ከሰው እንዴት እንደሚተላለፍ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ሦስት ዓመት ሞልቶታል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። አጥንቱ ገና ያልጠናን ቡችላ ከብስክሌት ጎን ማስሮጥ ዕድሜ ልኩን ሊያነክሰው ይችላል።

አሳቤን የሰሙ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» አሉኝ። አባባሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሳቸው ግን ቀጥለው የነገሩኝ ልቤ ውስጥ ቀርቷል። «ልጄ፣ ውሻ በበሩ ላይ ነው ውሻ የሚሆነው። በሩን አውቆ ይጮሃል፣ በሩን አውቆ ይተኛል። ከበሩ ከነቀልከው በኋላ ማን ይጠብቀዋል?» ትክክል ናቸው። በጎንደር ውሻ የምናሳድገው ለጥበቃ ነው፤ አጥር ውስጥ ወይም በር ላይ ይኖራል፣ እቤት አይገባም፣ ማዕድ አጠገብ አይቀመጥም። መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ውሻው ጠባቂ መሆኑ ቀርቶ ተጠባቂ ይሆናል፤ ጠባቂው ብስክሌቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉዞ ዕቅዴን ሁሉ የምመዝነው በሽማግሌው ጥያቄ ነው።

መንገዱ ራሱ ለሚያውቀው ቀላል ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ይጠጋል። በመካከላቸው 100 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት አለ። ልዩነቱ ሲሰማ ብዙ አይመስልም። ዳሩ ግን መንገዱ ቀስ እያለ የሚወጣ አይደለም። ከከተማው ወጥቶ የቤተ እስራኤላውያን መንደር የነበረችውን ወለቃን እንዳለፉ ዳገቱ ይጀምራል፤ ኮሶዬ ላይ ሲደርሱ በግራ በኩል መሬቱ በድንገት ያልቅና ቆላው ከሥር ይዘረጋል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ከዚያ በኋላ ገደብዬን አልፎ ወደ ዳባት ዝቅ ይላል፣ ወደ ደባርቅ እንደገና ይወጣል። የወገራ ደጋ የገብስ አገር ነው፤ በጥቅምት ማሳው እየነጣ፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። በዓመት ውስጥ ለጎማም ለመዳፍም የሚመች ወቅት ይኸው ነው።

መዳፍ ያልኩት በምክንያት ነው። ውሻ እንደ እኛ ገላውን አያልበውም። ላብ የሚወጣው በመዳፉ ነው፣ እሱም ጥቂት፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ሰው በብስክሌት ሲወጣ ነፋሱ ላቡን እያደረቀ ያቀዘቅዘዋል፤ ከጎኑ የሚሮጠውን ውሻ ግን ያው ነፋስ ብዙም አይጠቅመውም። ባለቤቱ «ገና አልደከመኝም» በሚልበት ሰዓት ውሻው ሊወድቅ ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ውሻ የሚወደውን ሰው ተከትሎ ሲሮጥ በቃኝ አለማለቱ ነው። እስኪወድቅ ይሮጣል። በዚህ ላይ አስፋልት አለ። ደጋው ቢቀዘቅዝም የቀትር ፀሐይ ጠንካራ ስለሆነች ጥቁሩ አስፋልት ይግላል። እጅን በጀርባው በኩል መንገዱ ላይ አስቀምጦ እስከ ሰባት መቁጠር ነው፤ እጅ ካልቻለ መዳፍም አይችልም።

ስለዚህ ለብቻዬ ብሆን በሁለት ቀን የምጨርሰውን መንገድ ለስድስት ቀን ከፋፈልኩት። መከታ ከማለዳ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ በሶምሶማ፣ አፈር ባለበት የመንገድ ዳር ይሮጣል፤ ዳገት ሲሆን እኔም ወርጄ እገፋለሁ። ሙሉ ሆድ ይዞ መሮጥ ጨጓራን ሊነፋና ሊያዞር ስለሚችል ጠዋት ምግብ የለም፣ ውኃ ብቻ። ዋናው ምግብ ማታ፣ ዕረፍት ካደረገ በኋላ ነው። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ወደ ተሳቢው ይገባል። ተሳቢውን የሠራልን ብረት በያጅ ነው፤ ሁለት የልጆች ብስክሌት ጎማ፣ የቱቦላሬ ክፈፍ፣ ከላይ ሸራ፣ ከሥር አሮጌ ጂባ። ለውሻ ነው ስለው ሰውዬው ሥራውን አቁሞ አየኝ፤ ከዚያ ግን ያላሰብኩትን አሰበልኝ። ወለሉን ከመንገዱ ከፍ አድርጎ፣ ከፊት በኩል መረብ አደረገበት፤ «ጠጠር ዓይኑን እንዳይመታው» አለኝ። ውሻ አሳዳሪ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

የተሳቢው ክብደት የብስክሌቱን ነገር ሁሉ ይለውጣል። ቁልቁለት ላይ የኋላ ፍሬን ብቻውን አይበቃም፤ የፍሬን ሸራ ሁለት ጥንድ ትርፍ መያዝ አለበት። ማርሹ ቀላል መሆን አለበት። ከመነዳሪ፣ ማጣበቂያ፣ ፓምፕ፣ ትርፍ ሰንሰለት ከጎንደር ካልተገዛ መንገድ ላይ አይገኝም፤ ጎሚስታዎቹ በየከተማው አሉ፣ የሚያውቁት ግን የባጃጅና የአይሱዙ ጎማ ነው። የተራራ ብስክሌት በጎንደር ብርቅ ነው። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ብስክሌት እንደ ባሕር ዳር የሰው ሁሉ እግር ሆኖ አያውቅም። ውድድሩም ቢሆን ሥሩ በአሥመራና በመቀሌ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ መጀመሪያ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች ልካ ነበር፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የትግራዩ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጎንደሬ ብዙ ብስክሌተኛ በአንድ ላይ ያየው ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚጋልቡት የውጭ አገር ሰዎች በመተማ በኩል ዳገቱን ወጥተው ከተማው ሲገቡ ነው። ልጆች ሆነን እየሮጥን ስንከተላቸው አንዳቸውም ውሻ አልያዙም ነበር።

እንስሳ ይዞ በዚህ አገር መጓዝን ሳስብ ወደ አእምሮዬ የምትመጣው አየርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ ናት። በ1963 እ.ኤ.አ. ከአገሯ ተነስታ እስከ ሕንድ በብስክሌት የሄደች ሴት ናት። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ግን ብስክሌቷን ትታ በእግሯ፣ ጭነቷን በበቅሎ አድርጋ ስሜንን አቋርጣ ጎንደር ደረሰች፤ መጽሐፏም በ1968 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዓለምን በጎማ የሚያውቅ ሰው እዚህ ሲደርስ በቅሎ መምረጡ ስለ መሬቱ ብዙ ይናገራል። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላ ነው። ከእንስሳ ጋር የሚሄድ ሰው የት እንደሚያድር የሚወስነው ለብቻው አይደለም። ሳር ያለበት፣ ውኃ ያለበት፣ አውሬ የማይደርስበት ቦታ ማግኘት አለበት። ይህም የግድ ሰው ቤት ያደርሰዋል። ለብቻው ቢሆን ድንኳኑን ጥሎ ያልፍ የነበረው መንገደኛ የበረት ባለቤትን ያነጋግራል፣ ስለ ውኃ ይጠይቃል፣ ስለ ጅብ ይጠይቃል።

ጅቡን በቀላል ማየት አይገባም። ጎንደር ከተማ ውስጥ እንኳ ሌሊት የጅብ ድምፅ ይሰማል። በወገራና በዳባት ደግሞ ውጭ የታሰረ ውሻ ለጅብ የቀረበ እራት ነው፤ ወደ ገደሎቹ ሲጠጉ ነብርም አለ፣ ነብር ደግሞ ውሻ ይወዳል። የአገሬው ውሻ በሌሊት የሚተርፈው ስለማይታሰር፣ ከሌሎች ጋር ስለሚጮህና የሚሸሽበትን ስለሚያውቅ ነው። እንግዳ ውሻ ይህ ሁሉ የለውም። ስለዚህ መከታ የሚያድረው ግድግዳና በር ባለው ቦታ ነው። በረት፣ ማድቤት ወይም የእህል ማከማቻ ቢሆን ይበቃናል፤ መኝታ ቤት እንዲያስገቡልኝ አልጠይቅም። ከኮሶዬ በላይ ያሉ አንድ ገበሬ እዚያ ስሄድ ይህን ጠይቄያቸው፣ «እኛ ጋ እንግዳ ውጭ አያድርም፤ ውሻውም የእንግዳ ነው» ብለውኛል። የበረታቸውን ጥግ አሳዩኝ። ጥጃዋን ወደዚያ አስጠግተው መከታን ወደዚህ እንደሚያደርጉት አስረዱኝ።

የመንደር ውሾች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ብስክሌተኛ ያየ የደጋ ውሻ ያለምንም ጥርጥር ይከተላል፤ ውሻ ይዞ የመጣ ብስክሌተኛ ያየ ደግሞ ጓደኞቹን ሁሉ ጠርቶ ይመጣል። መፍትሔው ፍጥነት አይደለም። ቶሎ መውረድ፣ ብስክሌቱን በእኔና በእነሱ መካከል ማድረግ፣ መከታን በአጭር ገመድ መያዝ፣ ቀስ ብሎ በእግር ማለፍ ነው። እረኞቹ ልጆች እስኪደርሱ መታገሥ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ እነሱ ውሾቻቸውን በስም ጠርተው በአንድ ቃል ያስቀምጧቸዋል። ድንጋይ አልወረውርም። የሰው ውሻ ከመታሁ በኋላ በዚያ መንደር ውኃ የምጠይቅበት ፊት አይኖረኝም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስናልፍም እንዲሁ ጥንቃቄ አለ። ውሻ ቅጥር ግቢ እንዳይገባ በእኛ ዘንድ በጥብቅ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ለመሳለም ስቆም መከታ ከግቢው ርቆ፣ ታስሮ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ነው። የሚይዝልኝ ካላገኘሁ ከመንገዱ ላይ ሆኜ ተሳልሜ አልፋለሁ።

ደባርቅ ከደረስን በኋላ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንደኛው በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ የሠራው ያ መንገድ ለብስክሌተኛ ሕልም ነው፤ አፋፉ ወልከፊት ነው፣ የጣሊያን ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን የሰጠበት ምሽግ፣ ጎንደር ራሷ ከመለቀቋ ሁለት ወር ቀድሞ። በወጣትነቴ ቁልቁለቱን በብስክሌት ለመውረድ እመኝ ነበር። ከመከታ ጋር ግን አልወርድም። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ2,800 ሜትር በላይ ካለ ደጋ ወደ 1,200 ሜትር አካባቢ ቆላ የሚወርድ ውሻ ሙቀቱን አይችለውም፤ ተመልሶ ለመውጣት ደግሞ ያ ዳገት አለ። ይህን ለመወሰን ብዙም አላሰብኩም።

ሁለተኛው መንገድ ነው ያሳሰበኝ። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ፣ በቡይት ራስ በኩል፣ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጭንቅ፣ ከዚያም በቧሂት ትከሻ ወደ መካነ ብርሃን። የተራራ ብስክሌት ያለው ሰው ሁሉ የሚመኘው ጥርጊያ መንገድ ይህ ነው፤ ጭላዳው በመቶ ሆኖ ሳር ሲነጭ፣ ጅብራው በሜዳው ላይ ቆሞ፣ ከገደሉ ሥር ጥልቀቱ ዓይን ሲያዞር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረ ቦታ ነው። ብስክሌተኛው ፈቃዱን ከደባርቅ ጽሕፈት ቤት አውጥቶ፣ ስካውት ይዞ ሊገባ ይችላል። ውሻው ግን መግባት የለበትም።

ይህን የምለው ሕግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እዚያ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ስሜንን አይቶ ለሳይንስ ያስተዋወቀው እንስሳ፣ በላቲን ስሙ እስከ ዛሬ ስሜንን የሚጠራ፣ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የሌለ። ለአካለ መጠን የደረሱት በመላ አገሪቱ ከ500 ያንሳሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው፣ ስሜን ላይ ያሉት በአሥሮች የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። በቤተሰብ ይኖራሉ፣ ለየብቻ አይጥ ያድናሉ፣ ማለዳና ማታ ተገናኝተው ይላላሳሉ። ከሁሉ በላይ የሚገድላቸው ጥይት አይደለም፣ ነብርም አይደለም። በብዛት የጨረሳቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ቤተሰብ በቤተሰብ ላይ ጨረሰ፤ ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ ተመልሷል። ሌላም የውሾች ወረርሽኝ አለ፣ በትንፋሽና በንፍጥ የሚተላለፍ፣ ውሻው ላይ ቀላል ሳል ሊመስል የሚችል፣ ቀበሮውን ግን የሚገድል። ቀበሮዎቹ አብረው የሚኖሩና የሚላላሱ ስለሆኑ አንዱ ከታመመ ቤተሰቡ በሙሉ ይታመማል።

መከታ ተከትቧል። «የተከተበ ውሻ ምን ጉዳት ያደርሳል?» የሚል ሰው አለ፤ ብስክሌት ከሚጋልቡ ወዳጆቼ አንዱም ይህን ብሎኛል። የእብድ ውሻ ክትባት ለአንድ በሽታ ነው። በፀጉሩ የሚይዘው መዥገር፣ በአፍንጫው የሚይዘው ሌላ ተሐዋሲ፣ ሳሩ ላይ የሚተወው ሽንትና ዓይነ ምድር አልተከተበም። ከዚያም በላይ ደግሞ ውሻ ያየ ቀበሮ ይሸሻል፣ ውሻ ያየ ጭላዳ መንጋውን ይበትናል፤ በባሌ የቤት ውሻና ቀይ ቀበሮ ተዳቅለው እንደነበረም በጥናት ተረጋግጧል። በተሳቢ ውስጥ ቢሆንስ፣ ገመድ ላይ ቢሆንስ የሚሉትን ሁሉ አስቤያቸዋለሁ። አንድ ቀን ሌሊት ገመዱ ሊበጠስ ይችላል። በአሥሮች የሚቆጠሩ ቀበሮዎች ብቻ ባሉበት ተራራ ላይ «ሊበጠስ ይችላል» የሚለው ብቻ ይበቃል። ስለዚህ የመከታ ጉዞ ደባርቅ ላይ ያበቃል። ከመላው ዕቅድ ውስጥ በጣም የምኮራበት መስመር ይህ ነው፤ ካርታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ።

ክትባቱን ግን ሰው ሁሉ እንዲያስበው እፈልጋለሁ፤ ለቀበሮው ብቻ ሳይሆን ለልጆቹ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ከመታየቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ቀኑን ሳያሳልፍ ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ነው፤ ሽማግሌዎችን አከብራለሁ፣ እዚህ ላይ ግን ቀን የሚያባክን ምክር ሰው ይገድላል። ውሻውን መከተብ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ይቀድማል። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየጊዜው ይደገማል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ በየወረዳውም የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ። ውሻ ከበሬና ከላም እኩል ባለሙያ ፊት እንዲቀርብ መጠየቅ ነውር መሆን የለበትም። በዓለም ዙሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚታሰበው እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ዓመት የመስቀል ማግስት ይሆናል። እኛ ለመነሳት የምንዘጋጅበት ሳምንት ነው።

አሁን ስለማይዘለለው ነገር። ይህ ሁሉ ዕቅድ ነው፤ መንገዱ ገና አልተነካም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የቆየው ጦርነት ጎንደርንና የደጋውን ከተሞች ሰላም ነስቷቸዋል። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ሹፌሮች የሚነሱት ከወዲያ ላለ ወዳጅ ደውለው ጠይቀው ነው። ከዚያ በፊትም የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ መሥመር አልፏል። በዳባት ወረዳ ጭና ላይ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የተገደሉት ሲቪሎች ዘመዶች ዛሬም እዚያው ገብሳቸውን ያጭዳሉ። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ በብስክሌት፣ ለዚያውም ውሻ በተሳቢ ጭኖ ማለፍ ልክ ነውን? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ጥይት በሚሰማበት ቀን ልክ አይደለም፤ ገበሬው እንግዳ ባየ ቁጥር የሚጨነቅበት ቀን ልክ አይደለም፤ ለራሴ ደስታ ብዬ የሌላውን ሥጋት አልጨምርም። ሰላም ሲሆንም በጭና አቅራቢያ ከብስክሌት ወርዶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ የሚያልፍ መንገደኛ መሆን እፈልጋለሁ።

ዕቅዱን ግን አልተውኩትም። መንገድ ሲዘጋ ስለ መንገዱ ማሰብም አብሮ እንዲዘጋ አልፈቅድም። የት ውኃ እንዳለ፣ ማን በረቱን እንደሚያበድር፣ በየትኛው ቁልቁለት ፍሬን እንደሚግል በወረቀት ላይ ማስፈር፣ ያ አገር ጦርነት ብቻ የሚገባበት እንዳልሆነ ለራሴ የምመሰክርበት መንገድ ነው። መከታም በየማለዳው ከከተማዋ ዳር ያለውን ጥርጊያ መንገድ ከእኔ ጋር ይለማመዳል፤ አሁን ተሳቢው ውስጥ ራሱ ዘሎ ይገባል፣ «ቁም» ሲባል ይቆማል፣ ፍየል ሲያይ አይጎትተኝም።

ደባርቅ ላይ አክስቴ አለች። ሦስት ቀን በእግሬ፣ ያለ ብስክሌትና ያለ ውሻ፣ ሳንቃበርና ግጭ ድረስ ወጥቼ እስክመለስ መከታ እሷ ጋ ይቆያል። በስልክ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይነክሳል ወይ አልነበረም። «ምን ምን ይበላል? በጾም ከሆነ የምትመጣው ከወዲሁ ንገረኝ» አለች። ከዚያ ስለ ራሷ ሁለት ውሾች አነሳች፤ አንዷ በቅርቡ የወለደች ናት። «የእኔዎቹ እንደሆኑ መርፌ አይተው አያውቁም። ያንተን እንዳይነኩት ነው ወይስ እሱ እንዳይነካቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱም፣ አልኳት። የፓርኩ ወሰን ከአክስቴ አጥር ብዙ አይርቅም፤ የአክስቴ ውሾች የሚዞሩበት ሜዳ ላይ የፓርኩ በቅሎ ነጂዎች ውሾችም ይዞራሉ። ስለዚህ በዕቅዱ መጀመሪያ መስመር ላይ የመነሻው ቀን የለም። ያለው፦ መንገዱ እንደተከፈተ፣ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ፣ በሚኒባስ ደባርቅ ሄዶ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማነጋገር፣ የአክስቴን ሁለት ውሾች ማስከተብ፣ ቡችሎቹ ሦስት ወር የሚሞላቸውን ቀን መዝግቦ መስጠት፣ ጎረቤቶቿንም «የእናንተንስ?» ብሎ መጠየቅ።